ዕጩዎቹ ስለ ፍሳሻችንና ስለ ቆሻሻችን ምን አሉ? ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት የማወዳደሪያ መንገድ

በ2013ቱ ምርጫ ሰሞን ነው። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የእድራችን ድንኳን ተተክሎ አንድ ዕጩ ሊያነጋግረን መጣ። "ጽዱ፣ አረንጓዴና ለኑሮ ምቹ ሰፈር እንፈጥራለን" አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ በራችን ላይ ቆስጣና ሰላጣ የሚሸጡ እናት እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ይሄ ከብሎካችን ጀርባ የሚወርደው ፍሳሽ መጨረሻው የት ነው?" ዕጩው ትንሽ አሰብ አደረገና "እሱ በቅድሚያ ይታያል" አለ። በሳምንቱ የሌላ ፓርቲ ዕጩ መጣ። እናትየው ያንኑ ጠየቁ። "ትኩረት እንሰጠዋለን" ተባሉ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ላወዳድር ስል አቃተኝ። የያዝኳቸው ሁለት በራሪ ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ቃል አንድ ዓይነት ነው። የእናትየው ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ቆሻሻውም፣ ፍሳሹም፣ የድንጋይ ካባው አቧራም ከእኔ ደጅ ሲነሳ ሌላ ሰው ደጅ ያርፋል። የት እንደሚያርፍ ያልነገረኝ ዕጩ ሐሳቡን ገና አልነገረኝም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን የምንሠራበትን አካሄድ ነው የምጽፍላችሁ። አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክና ሁለት ሦስት ቅዳሜ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ሰፈራችሁን ዙሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፓርቲዎቹ ወረቀት ነው። እኔ ከሰፈር ጀምሩ እላለሁ። ችግራችሁን ሳታውቁ መፍትሔ ብታነቡ ሁሉም ጥሩ ይመስላል።

ሁለት ጊዜ ውጡ። አንዴ በደረቅ ቀን ጠዋት፣ አንዴ ዝናብ ጥሎ እንዳባራ። የሁለተኛው ዙር ይበልጣል፤ ውሃ የተደበቀውን ሁሉ ያወጣዋል። ከእኛ ብሎክ ጀርባ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል አለ። ልጆች እንዳይገቡበት አንድ ሰው የጫት እንጨትና አሮጌ ጎማ ከምሮበታል። ዝናብ ሲጥል ጎማው ይንሳፈፋል። ግራጫ ውሃ እየገነፈለ በመንገዱ ዳር ቦይ ይወርዳል፤ ቦዩን የሞላው ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ሲያግደው አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ወንዙ ነው። ያን ቀን ውሃውን እየተከተልኩ በእግሬ ወረድኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት አንድ ገበሬ ከወንዙ በሞተር ውሃ እየሳበ ጎመንና ቆስጣ ሲያጠጣ ነው። እናትየው በራችን ላይ የሚሸጡት ቆስጣ ከየት እንደሚመጣ ያኔ ገባኝ። እኛ የለቀቅነው ውሃ ተመልሶ ወጣችን ውስጥ ነው።

ደብተራችሁ ላይ ያያችሁትን በቦታ ስም ጻፉ። "የፍሳሽ ችግር አለ" አይጠቅምም። "ከብሎክ እንትን ጀርባ ያለው ማንሆል፣ ክዳን የለውም፣ ሲዘንብ ይገነፍላል" ይጠቅማል። ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉበት። በዳር ሰፈሮች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ ሞልቶ የሚውል የቆሻሻ ገንዳ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ወንዝ ዳር የሚደፋ የግንባታ ተረፈ ምርት፣ የድንጋይ ካባ አቧራና ፍንዳታ፣ የፋብሪካ ሽታ፣ ለአረንጓዴ ተብሎ ተከልሎ አጥር ብቻ የቀረ ባዶ ቦታ። ሁሉንም አትያዙ። ሦስት ምረጡ። ሦስት ጉዳይ በደንብ መጠየቅ አሥር ጉዳይ ከመነካካት ይሻላል።

2. ጉዳዩ የማን ሥልጣን እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዕጩዎችም ይጠቀሙበታል። አንድ የምክር ቤት አባል ሊያደርገው የማይችለውን ቃል ገብቶ ሊሄድ ይችላል።

በቅድሚያ የምትመርጡት ለየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ አረጋግጡ። ዳር ላይ ለምንኖር ይሄ ቀላል አይደለም። በ2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ ወሰን ሲያካልሉ አንዳንድ ሰፈር ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውሯል። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ያላችሁ በሸገር ከተማ ሥር ናችሁ፤ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ያለን ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤትን እንመርጣለን፤ መቀመጫው 138 ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ አምስት ዓመት የነበራት ልጅ ዛሬ ድምፅ ሰጪ ሆናለች። የወረዳ ተመራጭ መጠየቅ ምን እንደሆነ የማታውቅ ትውልድ አለች ማለት ነው። ስለዚህ ለታናናሾቻችሁ ይሄን ነገር ከመጀመሪያው አስረዷቸው።

ከዚያ ሦስቱን ጉዳዮች በሥልጣን ከፋፍሉ። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማኅበራትና ገንዳው የከተማው ጽዳት መዋቅር ናቸው፤ ወረዳ ድረስ ይወርዳል። የምንከፍለውም ከውሃ ቢል ጋር ተያይዞ ነው። የፍሳሽ መስመር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ መልቀቅና ወንዝ ዳር መድፋት በከተማው ደንብ የሚያስቀጣ ነው። ትልልቅ ፋብሪካ ላይ የፌዴራሉም አካል እጅ አለበት። የምክር ቤት አባል ማንሆል አይጠግንም። በጀት ያጸድቃል፣ ደንብ ያወጣል፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። ዕጩውን የምንመዝነው በነዚህ ሦስት ነገሮች ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነው። "ማንሆሉን አሠራላችኋለሁ" ካለ "በየትኛው በጀት ላይ አስገብተው?" በሉት።

የወንዙ ጉዳይ ለብቻው አንድ ገጽ ይገባዋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ተነስተው ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገባሉ። ከዚያ አዋሽ ነው። ከላይ ያሉት ሰፈሮች የለቀቁትን እኛ እንቀበላለን፤ እኛ የለቀቅነውን ደግሞ ከእኛ በታች ያለው ገበሬ ይቀበላል። አባ ሳሙኤል እንቦጭ የወረሰው ውሃ የሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ እንቦጭ የሚወደው ከከተማ የሚወርድለትን ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ ስለ ወንዝ የሚያወራ ዕጩ ከላይ ካሉት ክፍለ ከተሞችና ከሸገር ከተማ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ካልተናገረ፣ የሚያወራው በእኛ ሰፈር ስለምታልፈው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

3. የጻፉትንና የተናገሩትን ሰብስቡ

የዕጩዎች ዝርዝር በምርጫ ክልሉ ይለጠፋል። ፎቶ አንሱት። ከዚያ የየፓርቲውን ማኒፌስቶ ከቢሮው ጠይቁ ወይም ከገጹ አውርዱ። የግል ዕጩ ካለ ራሱን አግኙት፤ ከጀርባው ፓርቲ ስለሌለ ያለው ሐሳብ የራሱ ብቻ ነው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክርክሮችንም ስሙ። በክርክር ላይ የሚባለውን በስልክ ቅዱት፤ በኋላ "እንዲህ አላልኩም" እንዳይሉ።

ማኒፌስቶው ውስጥ "አካባቢ ጥበቃ" የሚለውን ክፍል ብቻ አንብባችሁ አታቁሙ። ብዙ ጊዜ ሁለት አንቀጽ ነው። እውነተኛው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ስለ ቤት ልማት፣ ስለ ኢንዱስትሪ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መሬት በሚለው ውስጥ። አንድ ፓርቲ አንድ ገጽ ላይ ወንዝ አጸዳለሁ ብሎ አምስት ገጽ አልፎ ወንዝ ዳር አዲስ የፋብሪካ መንደር ሊያቅድ ይችላል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።

4. ሠንጠረዡን ሥሩ

ደብተራችሁን በወርዱ አዙሩ። በግራ በኩል የዕጩዎቹን ስም ጻፉ። በላይ በኩል አምስት ጥያቄ፦ የት? ምን? በምን ገንዘብ? እስከ መቼ? ማን ይጎዳል? ለሦስቱም ጉዳዮች ለየብቻ አንድ አንድ ገጽ። መልስ ከሌለ 0፣ ግማሽ መልስ ካለ 1፣ ሙሉና የሚጣራ መልስ ካለ 2።

ነጥብ አሰጣጡ እንዲገባችሁ ሦስት ዕጩ በሐሳቤ ፈጥሬ ላሳያችሁ። ጉዳዩ ያ ማንሆልና ፍሳሹ ነው እንበል።

ዕጩ ሀ "ዘመናዊ የፍሳሽ ሥርዓት እንዘረጋለን" ይላል። የት? አልተባለም፣ 0። ምን? "ዘመናዊ ሥርዓት" ቧንቧ ይሁን ማጣሪያ አይታወቅም፣ 0። ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ የሚጎዳውም ሰው አልተነገረም። ድምሩ ዜሮ ነው። ድምፁ ግን በጣም ያምራል፤ ድንኳን ውስጥ የሚጨበጨብለትም እሱ ነው።

ዕጩ ለ "በክፍለ ከተማችን ያሉ ኮንዶሚኒየሞች ሁሉ ከዋናው መስመር ጋር እስኪገናኙ ድረስ በየሳምንቱ መምጠጫ መኪና ይመደባል" ትላለች። የት? ተናግራለች፣ 2። ምን? ግልጽ ነው፣ 2። ገንዘብ? "ከከተማው በጀት" ብላ አልፋለች፣ 1። እስከ መቼ? "እስኪገናኙ" ማለት ቀን አይደለም፣ 0። ማን ይጎዳል? መኪናው የመጠጠውን የት እንደሚደፋ አልተናገረችም፣ 0። ድምር 5።

ዕጩ ሐ ሳይቱ የራሱ ማጣሪያ ይሠራለት ይላል። ቦታውን ጠቁሟል። የመጀመሪያውን ዓመት ዲዛይን፣ ሁለተኛውን ግንባታ ብሎ ከፋፍሏል። ከማጣሪያው አጠገብ የሚኖሩት ሽታ ሊሰማቸው እንደሚችልና ያንን ለመቀነስ ምን እንደሚደረግ ራሱ አንስቷል። ገንዘቡ ላይ ግን ዝም ብሏል። ለእኔ 8 አለው፤ የማስበውም ሐ የተሻለ እንደሆነ ነው። ግን እዚህ ላይ ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። በአንዳንድ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች የራሳቸው ማጣሪያ ተሠርቷል። ማጣሪያ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማን ጄኔሬተር ይሞላል፣ ፓምፑ ሲቃጠል ማን ይቀይራል፣ ደመወዝተኛ ባለሙያ አለ ወይ፣ ሌላ ነገር ነው። ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም ይመጣል። የመለዋወጫ ዕቃ ወጪ በዕቅድ ላይ ያስገባ ዕጩ ካገኛችሁ ስሙን ደብተራችሁ ላይ ክበቡት።

አምስተኛው ጥያቄ፣ ማን ይጎዳል የሚለው፣ ለብዙ ሰው አዲስ ይሆናል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ከተማችን ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻውን ሲያወርድ የኖረው ቆሼ ነው፣ ረጲ። ተራራው ሲያድግ ዙሪያው ቤት በዛ። ቦታው ሞልቷል ተባለና ሰንዳፋ ላይ አዲስ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ። በ2008 ቆሻሻው ወደዚያ መሄድ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታውንና የውሃቸውን መበከል ተቃወሙ። ወራት እንጂ ዓመት ሳይሞላው ቆመና መኪናዎቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ተራራው ተናደ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ እዚያው ቤት ሠርተው የሚኖሩ ነበሩ። በነሐሴ 2010 ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያው ረጲ ተመረቀ። እኔ ይሄን ሁሉ ሳስብ የሚሰማኝ አንድ ነገር ነው። ሰንዳፋ ላይ ገና ሲታቀድ ገበሬውን በደንብ ያወያየ፣ "እናንተ ምን ትሆናላችሁ?" ብሎ የጠየቀና የሰማ ሰው ቢኖር፣ ያ ሁሉ ገንዘብ አይባክንም ነበር። ምናልባት ሌላም ነገር ይተርፍ ነበር። "ቆሻሻችሁን ከዚህ አነሳዋለሁ" የሚል ዕጩ ሲመጣ "ወዴት?" በሉት። "እዚያስ ያሉት ሰዎች ምን አሉ?" ብላችሁ አስከትሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። አንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ እንዲጠየቅ ይላል። ይህ ለሰንዳፋውም ገበሬ፣ ለእኛም ነው።

5. በአካል ጠይቁ

ሠንጠረዡ ላይ ባዶ የቀሩት ሳጥኖች ናቸው ጥያቄዎቻችሁ። ዕጩው ሰፈር ሲመጣ ያንን ይዛችሁ ሂዱ።

አጠያየቅ ላይ ትንሽ ብልሃት ያስፈልጋል። በአደባባይ ሰው ማሳፈር አይጠቅምም፤ ዕጩው ይከላከላል እንጂ አይመልስም። በአክብሮት ጀምሩ። "አቶ እገሌ፣ ስለመጡልን እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት" ብሎ መጀመር ይከፍታል። ከዚያ ወደ ቦታው ግቡ። "ስለ አካባቢ ጥበቃ ምን አሰቡ?" ብትሉ ንግግር ነው የምትሰሙት። "ከብሎክ እንትን ጀርባ ያለው ማንሆል ዝናብ በጣለ ቁጥር ይገነፍላል፣ ፎቶው ይኸውና፤ ምክር ቤት ቢገቡ በመጀመሪያው በጀት ዓመት ለዚህ ምን ያስገባሉ?" ብትሉ ግን ወይ መልስ ይሰጣችኋል፣ ወይ እንደሌለው ታያላችሁ።

"አላውቅም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ" ያለ ዕጩን አትናቁ። ስልክ ተቀበሉትና ከሦስት ቀን በኋላ ደውሉ። መልሶ ከደወለ ደብተራችሁ ላይ ጻፉለት። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው አስበልጠዋለሁ። ከተመረጠ በኋላም ስልክ የሚያነሳው እሱ ይሆናልና።

የካባ ጉዳይ ያላችሁ ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ፍንዳታው በስንት ሰዓት ነው? ከቤት ያለው ርቀት ስንት ነው? ድንጋዩ ወጥቶ ሲያልቅ ጉድጓዱን ማን ይደፍነዋል? ክረምት ላይ ውሃ ሞልቶት ልጅ የበላ የካባ ጉድጓድ ያለበት ሰፈር ሰው የመጨረሻዋን ጥያቄ ክብደት ያውቃል። በአዋጅ 299/1995 መሠረት ትልቅ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይሠራል፤ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ዕጩውን "የዚህን ካባ የግምገማ ሰነድ አይተውታል?" በሉት። አላየው ይሆናል። ከዚያ ጥያቄ በኋላ ግን ሳይፈልገው አይቀርም።

6. ያለፈውን አጣሩ፤ በተለይ ችግኙን

ቀድሞ ምክር ቤት የነበረ ወይም ኃላፊነት ላይ የነበረ ዕጩ ካለ የሠራውን ሄዳችሁ እዩት። ስለ ወሬው አትጨነቁ።

ችግኝ ላይ ቆም ልበል። ከ2011 ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በየክረምቱ በብዛት እንተክላለን። እኔም በየዓመቱ እወጣለሁ፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን በምርጫ ሰሞን የምንሰማው "ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ" ነው። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ሌላ ቃል አለው፤ ጸደቀ። ስለዚህ ጠይቁ፦ ስንቱ ጸደቀ? እኛ ሰፈር አንድ ቅዳሜ ከልጆች ጋር ወጥተን ቆጠርን። አምና የተተከለበትን አንዱን ቁራጭ መሬት ብቻ። ጉድጓዶቹ በመስመር ተቆፍረዋል። በግማሹ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ሳይቀደድ ከነፕላስቲኩ ተቀብሯል። ሥሩ መውጫ አጥቶ ደርቋል። ከአጥሩ ጥግ ያሉት ጥቂት ወይራና ግራር ግን ጉልበት ድረስ ደርሰዋል። የሚጠብቃቸው የዘበኛችን ቤት እዚያ ስለሆነ ነው፤ የልብስ እጣቢ እንኳን ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ነው የሚያጠጣቸው። የዘበኛው ነገር ደብተሬ ላይ አለ። ዕጩ ሲመጣ "ለመትከያው ስንት፣ ለሚያጠጣው ሰው ደመወዝ ስንት?" ብዬ የምጠይቀው ከዚያ ተነስቼ ነው።

ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚተከልም ጠይቁ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ለማገዶና ለግንባታ እንጨት ብዙ ቤት ይደግፋል። ወንዝ ዳርና ምንጭ አጠገብ ግን ውሃ ይጠጣል። ወንዝ ዳር የሚተከለውን ከኮረብታ ላይ ከሚተከለው ለይቶ የሚናገር ዕጩ ጉዳዩን ያውቃል ማለት ነው።

ስለ ፌስታልም እንዲሁ። በ1999 የወጣው አዋጅ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ስሱ ፌስታል ግን ከየሱቁ ሲወጣ ኖረ። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ "ፌስታል እንከለክላለን" የሚል ዕጩ አዲስ ነገር አልነገራችሁም። አዲስ የሚሆነው ለጉሊቷ ነጋዴ በፌስታሉ ምትክ ምን እንደሚቀርብላት፣ በምን ዋጋ፣ ማን እንደሚያመርተው ከተናገረ ነው።

7. ደብተሩን ለጎረቤት አካፍሉ፣ ድምፃችሁን ግን ለራሳችሁ ያዙ

ቡና ሲፈላ ሠንጠረዡን አውጡት። አንዱ ያልሰማውን ሌላው ሰምቶታል። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ የሬዲዮ ክርክር የሚከታተል ሰው ነው፤ የእኔን ሁለት ዜሮ ወደ አንድ የቀየረው እሱ ነው። ዕጩው ሬዲዮ ላይ ዝርዝሩን ተናግሮ እኔ አልሰማሁም ነበር። ስሕተት ሆኖ ሲገኝ አርሙት። የማትወዱት ፓርቲ ዕጩ ነጥብ ካገኘ ነጥቡን ስጡት። ይሄ ከባድ ነው፤ እኔም ከብዶኝ ያውቃል። ደብተሩ የሚታመነው ግን ያኔ ብቻ ነው።

"ማንን ልትመርጥ ነው?" ብላችሁ ማንንም አታስጨንቁ። ድምፅ ምስጢር ነው። ማነፃፀሪያውን እንካፈል፤ ምርጫውን እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር ይጨርሰው። በእድር ስብሰባ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ዕጩ ሳይጠራ አንዱ ብቻ መጠራቱን አትፍቀዱ። እድር የሁላችን ነው፤ ሰው ሲሞት የምንቀብረው አብረን ነው።

8. ቅስቀሳ ሲቆም ቁጭ በሉ

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ቅስቀሳ የሚቆምባቸው 4 ቀናት አሉ። ድምፅ ማጉያው ዝም ይላል። ያኔ ደብተሩን አውጡና ነጥቡን ደምሩ።

ድምሩ ብቻ አይወስን። ሦስቱ ጉዳዮች እኩል አይደሉም። ልጃችሁ አስም ካለበት የካባው አቧራ ከችግኙ ይቀድማል። ምድር ቤት የምትኖሩ ከሆነ ፍሳሹ ከሁሉም ይቀድማል። የሚያስጨንቃችሁን ጉዳይ ነጥብ በሁለት አባዙት። ሁለት ዕጩ እኩል ከመጡ "እስከ መቼ" በሚለው ላይ የተሻለውን እዩ፤ ቀን የተናገረ ሰው በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። አካባቢ ጥበቃ ብቻውን ምርጫችሁን ይወስን አልልም። ሥራ፣ ቤት፣ ሰላም፣ የኑሮ ውድነት አለ። ግን ውሃውና አየሩ ከእነዚያ ጋር ሚዛን ላይ ይቀመጥ፤ ከመጨረሻ ተራ ይውጣ።

የዕጩውን ስምና ምልክት ደብተሩ ላይ አጣምራችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ስም ሲበዛ ሰው ግራ ይጋባል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የሁሉንም ዕጩዎች ምልክት ከስማቸው ጋር አንብቡላቸው፤ የእናንተን ብቻ አይደለም።

9. ደብተሩን አትጣሉት

ውጤት ከታወቀ በኋላ የተመረጠውን ሰው ገጽ ቅደዱና የእድሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት በጀት ይዘጋጃል። ደብዳቤ የሚገባው ያኔ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ "ለሚቀጥለው ዓመት" ነው የምትባሉት። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ፎቶው ይያያዝ። ዕጩ ሳለ የተናገረው ቃል ከነቀኑ ይጻፍበት። ሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱ ላይ "ገቢ" አስመቱ። እኔ አንዴ ያለ ማኅተም አስገብቼ ደብዳቤው የለም ተባልኩ። ሁለተኛ አልደገምኩትም።

መርዘኛ ፍሳሽ የሚለቅ ካያችሁ ደግሞ የምክር ቤት አባሉን መጠበቅ የለባችሁም። በአዋጅ 300/1995 ማንም ሰው፣ እኔ ተጎድቻለሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ያመለከታችሁበትን ቀን ጻፉና ሠላሳውን ቁጠሩ።

የእኛ ማንሆል አሁን ክዳን አለው። እናትየው አሁንም ቆስጣ ይሸጣሉ። ባለፈው ስገዛ "ክዳኑስ ተገጠመ፣ ውሃው አሁንም እዚያው ወንዝ ነው የሚገባው?" አሉኝ። አዎ፣ እዚያው ነው። አዲሱ ገጽ ላይ በመጀመሪያው መስመር ጽፌዋለሁ።